ልዋጭ በፓሪስ

ዛሬ ኬ ብራንሊ ገባሁ። «ኤፍል ታወር አጠገብ ሆነሽ ሙዚየም?» ልትሉ ነው፤ ያረፍኩባቸው ዘመዶቼም ያሉኝ ይኸንኑ ነው። ሽቶ ሊያስገዙኝ አስበው ነበር። እንቢ አልኩ። የጎንደር ልጅ ፓሪስ ድረስ መጥታ አባ እንጦንስን ሳትሳለም ትመለስ?

 ክፍሉ ጨለም ያለ ነው።

ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የመጡት ሥዕሎች ዙሪያውን ናቸው። መቼም የኛ ሠዓሊ ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በአንድ ዓይን እንደሚሥል ታውቃላችሁ። በሁለት ዓይናቸው ትክ ብለው አዩኝ። እጄ ሳላዘው አማተበ። አጠገቤ የቆመ ሕፃን ወደ እናቱ ዞሮ የሆነ ነገር ጠየቃት። ጥበቃውም ጠጋ አለ፤ ልስማቸው መስሎት ይሆናል። እውነቱን ነው፣ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ታሪኩ እንግዳ አይሆንባችሁም። የፈረንሳዊው አጥኚ የማርሴል ግሪዮል የዳካር–ጅቡቲ ቡድን በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ከረመ። የጎንደር ሥዕል ጨርቅ ላይ ተሥሎ ነው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው፤ ለመላጥም ተመቸ። ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው ሠዓሊያቸው ግልባጩን ሠራ። ግልባጩ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፣ ዋናው ተጠቅልሎ ፓሪስ ገባ። ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍትም አብረው ሄደዋል። ስለ ሥዕሎቹ ግሪዮልን ብትጠይቁት «ሊጠፉ ሲሉ አዳንኳቸው» ባይ ነው።

ልዋጭ! አሮጌውን አምጡ፣ አዲሱን ውሰዱ!

ልዋጭ ስል ደግሞ የማይወጣልኝ ቂም ትዝ አለኝ። እማዬ የአያቴን የናስ ማንቆርቆሪያ ለባለ ልዋጩ ሰጥታ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሳፋ ተቀብላለች። እንግዳ ሲመጣ እጅ የምናስታጥብበት፣ አያቴ በአመድ ፈትጋ እንደ ወርቅ የምታስመስለው ማንቆርቆሪያ! ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳፋው ግቢው መሀል ተጎልቷል። አለቀስኩ። «ያረጀ ዕቃ ምን ያደርግልሻል? ያፈሳል እኮ!» አለችኝ። ሳፋው ለፋሲካ እንኳ ሳይደርስ ተሰነጠቀ። እስከ ዛሬ ባነሳሁባት ቁጥር «ልብስሽን ያጠብኩት በምን ሆነና ነው!» ትለኛለች። መልስ የለኝም።

ዛሬ እዚያ ክፍል ቆሜ የተናደድኩት በግሪዮል ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ካህናቱንም አሰብኳቸው። ሥዕሉ አርጅቷል፣ ፈረንጁ በቀለም የደመቀ አዲስ ይዞ መጥቷል። እነሱ የሚጸልዩበት እንጂ የሚጎበኙት ሥዕል አልነበረም። ቅዱሱ እስካለ ድረስ ቀለሙ አዲስ ቢሆን ምን ቸገራቸው? ታዲያ ማን ምን አጣ እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ ሥዕሎቹን አያለሁ፣ አንጀቴ ይቃጠላል።

«ይመለሱ» የምትሉ፣ እኔም እላለሁ። ቤኒን በ2021 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ሙዚየም 26 ቅርስ አስመልሳለች፤ እኛ ከማን እናንሳለን? ግን አንድ ነገር ልናገርና የሚቆጣ ይቆጣ። አሁን በየአጥቢያው የምናደርገውስ ምንድነው? «እድሳት» እየተባለ የጥንቱ ሥዕል በሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ይለበጣል፤ ጊዮርጊስ ሽፋሽፍት ተሠርቶለት፣ ጉንጩ ቀልቶ፣ የሠርግ ቪዲዮ ላይ ያለ ሚዜ መስሎ ይወጣል። በስተመጨረሻም ለኮሚቴው ይጨበጨባል። ግሪዮል ቢያንስ ዋናውን ጠቅልሎ አስቀመጠው፤ እኛ የለበጥነውን ማን ይመልስልናል?

ይኸው፣ ሌባ አመሰገንኩ። ንዴት የማያናግረው የለም። ደህና እደሩ።