ለማሽኑ መልስ የሚሰጠው ሰው

እ.ኤ.አ. በጁን 2012 በብሪታንያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች የባንክ ሒሳባቸውን ሲያዩ ያገኙት ቁጥር ትክክል አልነበረም። ደመወዝ የገባለት እንዳልገባለት ሆነ። የቤት ብድሩን የከፈለ እንዳልከፈለ። ውጭ አገር የነበሩ አንዳንዶች እጃቸው ላይ ጥሬ ገንዘብ አጥተው ቀሩ፤ ለሠራተኞቻቸው መክፈል ያቃታቸው ድርጅቶችም ነበሩ። ባንኮቹ ሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ፣ ናትዌስት እና አልስተር ባንክ ናቸው፤ ሦስቱም የአንድ ቡድን። ተቆጣጣሪዎቹ በኋላ እንዳስታወቁት በብሪታንያ ብቻ ከ6.5 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ተጎድተዋል። የአልስተር ባንክ ደንበኞች ነገሩ እስኪስተካከልላቸው እስከ ጁላይ ድረስ ጠብቀዋል።

ሌባ የለበትም። ባንክ ቀን ላይ የሰበሰበውን ግብይት ሌሊት ላይ በየደንበኛው ሒሳብ ያሰፍራል። ይህ የሌሊት ሥራ ረጅም ሰልፍ ነው፤ የፊተኛው ሳያልቅ የኋለኛው አይጀምርም። ሰልፉን የሚመራው ሶፍትዌር እሑድ ጁን 17 ታደሰ። እድሳቱ ችግር ሲያሳይ የቴክኒክ ቡድኑ አውጥቶት ወደ ቀድሞው ለመመለስ ወሰነ። ማንም ቢሆን ያንኑ ይወስን ነበር። ግን መመለሱ ራሱ ምን እንደሚያስከትል አስቀድሞ አልተፈተነም። አዲሱና አሮጌው ሥሪት የሚጣጣሙ አልነበሩም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነ። በኖቬምበር 2014 ሁለት የብሪታንያ ተቆጣጣሪ አካላት፣ አንዱ 42 ሌላው 14፣ በድምሩ 56 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡ።

በወቅቱ የነበረው ክርክር ሥራው የት ተሠራ የሚል ነበር። የሠራተኞች ማኅበር ሥራ ወደ ሕንድ መላኩን ወቀሰ፤ የባንኩ ኃላፊ የነበሩት ስቲቨን ሄስተር ደግሞ ችግሩ የተነሳው በኤድንብራ ባለው ቡድን ከሚተዳደር ሲስተም ነው አሉ። ተቆጣጣሪዎቹ ያተኮሩት በፍተሻና በሥጋት ቁጥጥር ጉድለት ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ ሥር ግን ብዙም ያልተነካ ጥያቄ አለ፤ እንዲህ ያለ ማሽን ፊት የሚቀመጥ ሰው ምን ተምሮ ነው የሚቀመጠው?

ትልልቅ ባንኮች፣ አየር መንገዶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እስካሁን የሚጠቀሙበት ማሽን ሜይንፍሬም ይባላል። የዘር ሐረጉ አይቢኤም ኤፕሪል 7 ቀን 1964 ካስተዋወቀው ሲስተም 360 ይመዘዛል። ከዚያ በፊት ኦፕሬተር ማለት በአብዛኛው ካርድ የሚያስገባ፣ ቴፕ የሚሰቅልና የሚያወርድ ሰው ነበር። ከአዲሱ ማሽን ጋር የመጣው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ግን ሥራዎችን ራሱ ያሰልፋል፣ ራሱ ያስነሳል፣ ያልገባውን ይጠይቃል። የዛሬው ዜድ-ኦኤስ የእሱ የልጅ ልጅ ነው።

ስለዚህ ሠልጣኙ ከማዘዝ በፊት ማንበብ ይማራል። ማሽኑ የሚያወጣው እያንዳንዱ መልእክት ከፊቱ መለያ አለው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት መልእክቱ ከየትኛው የሲስተሙ ክፍል እንደመጣ ይናገራሉ፤ «አይ-ኢ-ኤፍ» ከሆነ ሥራዎችን ከሚያስነሳው፣ «አይ-ኢ-ኢ» ከሆነ የኦፕሬተሩን ትእዛዝ ከሚቀበለው። ቀጥሎ ቁጥር። መጨረሻ ላይ አንዲት ፊደል። የሥልጠናው ግማሽ ያቺ ፊደል ናት። «አይ» ከሆነች ለመረጃ ያህል ነው። «ኤ» ከሆነች አሁኑኑ አንድ ነገር አድርግ ማለት ነው። «ኢ» ከሆነች ማድረግህ አይቀርም፣ ግን ጊዜ አለህ። «ዲ» ከሆነች ደግሞ ምርጫው ያንተ ነው፣ ወስን።

ሥራ በበዛበት ሌሊት መልእክቱ እንደ ክረምት ዝናብ ይወርዳል፤ አብዛኛው «አይ» ነው። አዋቂ የሚባለው በዚያ ሁሉ መካከል ያቺን አንዲት «ዲ» የሚያይ ነው። መልስ የሚፈልግ መልእክት የራሱን ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ኦፕሬተሩ ያንን ቁጥር ጠቅሶ እስኪመልስ ድረስ ጠያቂው ሥራ ቆሞ ይጠብቃል። ቁጥር የተሳሳተ ሰው ለአንዱ ያሰበውን መልስ ለሌላው ሰጠ ማለት ነው። ማሽኑ ደግሞ የተሰጠውን ይቀበላል እንጂ «ይህን ማለትህ ነው ወይ?» ብሎ የሚያስታምም አይደለም።

ሌላም አለ። ሥራን በወጉ የሚያቋርጠውን ትእዛዝ በግድ ከሚገድለው ለይቶ ማወቅ፣ ሁለተኛውንም የመጀመሪያው እምቢ ሳይል አለመንካት። በቴፑ ዘመን ከጥቅሉ ጀርባ የምትገባ ትንሽ የፕላስቲክ ቀለበት ነበረች፤ እሷ ከሌለች ማሽኑ በቴፑ ላይ መጻፍ አይችልም። ጀማሪ ቀለበቷን በማይገባት ቴፕ ላይ ከሰካ የትናንቱ ሒሳብ በዛሬው ሊጠፋ ይችላል። ለማሽኑ ሥራ የሚታዘዝበት ጄሲኤል የሚባል ቋንቋም አለ፤ የሲስተሙን ሥራ የመሩት ፍሬድ ብሩክስ ራሳቸው ከዓመታት በኋላ ከቋንቋዎች ሁሉ የከፋ ብለውታል። ሠልጣኞች ይህን ሲሰሙ ትንሽ ይጽናናሉ።

ይህ ሁሉ በመጽሐፍ አለ። የመልእክቶቹ ማብራሪያ ብቻ ብዙ ጥራዝ ነው። ሆኖም ሙያው የተላለፈው በመጽሐፍ ሳይሆን በሌሊት ፈረቃ ነበር። የአብነት ትምህርት ቤትን የሚያውቅ ሰው አይደነቅበትም፤ መጀመሪያ ንባብ፣ ትርጓሜው በኋላ፣ ያውም ከመምህሩ አፍ። ጀማሪው ከነባሩ ጎን ተቀምጦ ቴፕ ይሰቅላል፣ ቀላል ቀላሉን ይመልሳል፣ የትኛው ሥራ በስንት ሰዓት ማለቅ እንዳለበት ሳያስበው ይለምዳል። አንድ ሌሊት ያ ሥራ ሲዘገይ ገና መልእክት ሳይመጣ ይታወቀዋል።

ከዚያ ማሽኑ ራሱን ቻለ። በ1987 ስቶሬጅቴክ ቴፕ የሚሰቅልና የሚያወርድ ሮቦት ለገበያ አቀረበ። መልሳቸው የታወቀ ጥያቄዎችን ሶፍትዌር መመለስ ጀመረ። «አይ» የሆኑት መልእክቶች ስክሪኑን እንዳያጨናንቁ ተደበቁ። መብራት አጥፍቶ የሚሠራ የኮምፒውተር ክፍል ለሥራ አስኪያጆች የኩራት ምልክት ሆነ። ስህተቱም ወጪውም ቀንሷል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከወጪው ጋር አብሮ የተቀነሰው ጀማሪው ዓይኑን የሚያሠለጥንበት ተራ ሥራ ነው። እንግሊዛዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊዛን ቤይንብሪጅ ይህን በ1983 በጻፉት ጽሑፍ አስቀድመው አይተውታል። አውቶሜሽን ቀላሉን ሥራ ከሰው ወስዶ ከባዱን ይተውለታል፤ ያንንም ከባድ ሥራ የሚችልበትን የዕለት ተዕለት ልምምድ አብሮ ይወስድበታል። ጽሑፉ የሚናገረው በዋናነት ስለ ፋብሪካና ስለ መቆጣጠሪያ ክፍል ነው፤ የሜይንፍሬም ክፍል ግን ቃል በቃል ይስማማዋል።

ሠልጣኝ ዛሬ ጸጥ ያለ ስክሪን ፊት ይቀመጣል። ማሽኑን ከዜሮ ማስነሳት፣ ትእዛዝ መጻፍ፣ ሥራ ማቋረጥ ይማራል፤ እነዚህን ለማስተማርም ለመፈተንም ቀላል ነው። የሚዘለለው መመለስን መማር ነው፤ ግማሹ ያለቀ፣ ግማሹ ያላለቀ ሰልፍ ፊት ቆሞ የቱ ተሠርቷል፣ የቱ ይደገማል፣ የቱ ቢደገም ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ያስገባል ብሎ መለየት። ይህ በሁለት ሳምንት ኮርስ አይገኝም፤ ተበላሽቶ የሚያውቅ ሲስተም ይጠይቃል። የባንክን እውነተኛ ማሽን ደግሞ ለትምህርት ብሎ የሚያበላሽ የለም።

መፍትሔው ግን ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ሮጀር ባውለር የተባሉ ባለሙያ የጀመሩትና በ1999 የወጣው ሄርኩለስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ሜይንፍሬምን በተራ ላፕቶፕ ላይ ያስመስላል፤ የ1980ዎቹን መጀመሪያ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ኤምቪኤስ 3.8ን፣ ይዞ ይሠራል። ሲስተሙ አሮጌ ነው፤ በመልእክቶቹ መጨረሻ የምትመጣው ፊደል ግን ያችው ናት። አይቢኤም ራሱም ለተማሪዎች እውነተኛ ዜድ-ኦኤስ በኢንተርኔት የሚያስነካ መርሐ ግብር አለው። ማሽን ስለሌለ ማሠልጠን አልተቻለም የሚለው ሰበብ ከዚህ በኋላ አይሠራም። የሚጎድለው ለነባሩ ሠራተኛ ከጀማሪው ጋር የሚቀመጥበት የተከፈለ ሰዓት ነው፤ በጀት ሲቆረጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው።

ጥሩ አሠልጣኝ በዚያ ላፕቶፕ ላይ የሌሊቱን ሰልፍ ይሠራና ሠልጣኙ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ መካከሉን ያበላሸዋል። ሲመለስ የሚጠብቀው ሥራ ማስተካከል አይደለም፤ ገና ምንም ሳይነካ ወደ ኋላ የሚመለስበትን መንገድ፣ እያንዳንዱን እርምጃና እርምጃው ከከሸፈ የሚቀጥለውን፣ በወረቀት ላይ ጽፎ ማሳየት ነው። ወረቀቱ ሳይታይ የኪቦርዱ ገመድ አይሰካም።