ወለል የሌለው ባሕር

ቡናከን ላይ ሰውን የሚያስደነግጠው ሻርኩ አይደለም፤ ወለሉ አለመኖሩ ነው። ከደሴቲቱ ዳር ተነስቶ ውኃው ለጥ ባለ የኮራል ሜዳ ላይ ይሄዳል፤ ጥልቀቱ እዚህ ወገብ፣ እዚያ ቁመት ያህል ነው። ከዚያ እንደ ሰሜን ተራሮች አፋፍ ሜዳው በአንድ ጊዜ ያበቃል። ከአፋፉ ወዲያ ያለው ሰማያዊ ብቻ ነው፤ ግድግዳው ቁልቁል ወርዶ ከዓይን ይሰወራል።

ደሴቲቱ ያለችው በኢንዶኔዥያ፣ በሱላዌሲ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከማናዶ ከተማ ፊት ለፊት ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ከአራት ጎረቤቶቿና ከዋናው ምድር ዳርቻ ጋር ብሔራዊ ፓርክ ሆናለች። ፓርኩ ወደ 89,000 ሄክታር ይሰፋል፤ ከመቶው 97 እጁ ባሕር ነው። እኔ ለሥራ ጃካርታ ሄጄ ነበር። ሥራው አለቀ፤ የመመለሻ ቲኬቴን ገፋ አደረግሁና ከሦስት ሰዓት በላይ በርሬ ማናዶ ገባሁ።

መጥለቅ የተማርኩት ጅቡቲ ስሠራ ነው። እዚያ ስንጠልቅ ከእግራችን ሥር አሸዋ ይታየን ነበር። ሰው ቢሳሳት አሸዋው ይቀበለዋል። ይህ ምን ያህል እንደሚያጽናና የገባኝ ቡናከን ላይ ነው።

ከማናዶ በትንሽ ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። የዝናቡ ወራት ስለነበር ወንዞቹ ከከተማው ጠርገው ያወረዱት ፕላስቲክ ባሕሩ ላይ ተሰልፎ ጠበቀን፤ የሻምፑ ጠርሙስ፣ ነጠላ ጫማ፣ የብስኩት ልባስ። ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ፌስታሉን ከመዘውሩ ላይ በእጁ ፈትቶ፣ ምንም ሳይናገር እንደገና አስነሳው። የለመደው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል።

መሪያችን ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ሁሉም «ኦም» እያለ ይጠራቸዋል፣ አጎቴ እንደማለት ነው። እኔን ደግሞ «ሚስተር» ይሉኛል። ከመግባታችን በፊት ያስረዱን ነገር አጭር ነበር። ግድግዳው በግራችን ይሆናል፤ ከ25 ሜትር በታች ማንም አይወርድም፤ የሲሊንደሩ ግፊት 100 ባር ሲደርስ ለእሳቸው እናሳያለን። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው አፍጥጠው አዩኝ። እኛ ዘንድ ይህ ምልክት «አሪፍ ነው» ነው፤ ውኃ ውስጥ ግን «እንውጣ» ማለት ነው። ደህና መሆኑን ለመናገር አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይጋጠማሉ። ደስ ብሎት አውራ ጣቱን እያሳየ ወደ ላይ የተወሰደ እንግዳ በዝቶባቸው ሳይሆን አይቀርም።

ከጀልባው ጠርዝ ወደ ኋላ ተገልብጠን ገባን። አፍንጫዬን ይዤ ጆሮዬን እየከፈትኩ ወረድኩ። ዓይን ግድግዳው ላይ ሲያተኩር አካል ሳይታወቀው ዝቅ ይላል፤ ላዩም ታቹም ያው ሰማያዊ ስለሆነ መውረድህን የሚነግርህ ነገር የለም። አምስት ሜትር ወርጄ አንድም ሜትር የወረድኩ አይመስለኝም ነበር። እውነቱን የሚናገረው የእጅ ኮምፒውተሩ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከዓሣው ይልቅ እሱን ደጋግሜ አይ ነበር። በእኔ ግምት የዚህ ዓይነት ጥልቂያ ዋናው ሙያ መውረድ አይደለም፤ መውረድ እየቻሉ መቆየት ነው።

ቀለም እየሸሸ ይሄዳል። ቀዩ ቀድሞ ይጠፋል፤ ወደ 15 ሜትር ግድም የኦም ቀይ ጓንት ጥቁር ቡኒ ሆኖ ነበር። የእጅ ባትሪያቸውን ግድግዳው ላይ ሲያበሩት ግን ግራጫ የመሰለው ሁሉ ብርቱካናማ፣ ወይን ጠጅ፣ ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ ወጣ። ባትሪው ሲጠፋ ያ ሁሉ አብሮ ጠፋ። ጥቁር ሰማያዊ ትሪገርፊሾች በመንጋ ይርመሰመሱ ነበር። ስንቀርባቸው እያንዳንዱ ወደ ገዛ ሽንቁሩ ጥልቅ ይልና የጅራቱን ጫፍ ውጭ ይረሳዋል፤ ግድግዳው በሙሉ ጅራት አብቅሎ ይቀራል። አንዲት የባሕር ኤሊ ከአለቱ ከንፈር ላይ ተኝታለች። አንድ ዓይኗን ገልጣ አየችንና መልሳ ከደነችው።

ኦም በቀጭን የብረት ዘንጋቸው ሲሊንደራቸውን መታ መታ አድርገው ጠሩኝ። ከግድግዳው የወጣ፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ሐምራዊ ኮራል አጠገብ ናቸው። የዘንጉን ጫፍ ተከትዬ ባይ ምንም የለም። ፊቴን አስጠጋሁ። ከቅርንጫፉ እብጠቶች አንዱ ዓይን አለው! የጥፍር ቁመት እንኳ የማያክል የባሕር ፈረስ ነበር፤ ጅራቱን ጠምጥሞ ይወዛወዛል፣ ሰውነቱ ልክ እንደ ኮራሉ ሐምራዊ ነቁጥ ነቁጥ ነው። ሆዱ ነፋ ብሏል። በዚህ ዘር የሚያረግዘው ወንዱ ነውና አባት ሊሆን ነበር። ጀርባውን አዞረብን። ብርሃን እንደሚረብሸው ያውቃሉ መሰለኝ ኦም ባትሪውን ወዲያው መለሱት፤ አብሮን የጠለቀ፣ ፎቶ ሊያነሳ የመጣ ጀርመናዊ ቅር አለው።

ጣጣው የመጣው ግድግዳው ታጥፎ ጥግ የሚሠራበት ቦታ ላይ ስንደርስ ነው። መጀመሪያ ያወቅሁት በአረፋዬ ነው። የማወጣው አየር ሽቅብ መሄዱን ትቶ በጎኔ ተንከባለለ፤ ቀጥሎ በደረቴ በኩል ቁልቁል ወረደ። አረፋ ወደ ታች ሲሄድ አይቼ አላውቅም። ኮምፒውተሩ 19 ይል የነበረው 22 አለ፣ 23 አለ። እግሬን ባወራጭም ግድግዳው ወደ ላይ መንሸራተቱን አልተወም። እንዲህ ያለ ጊዜ እጅ በአየር ወደሚነፋው የመጥለቂያ ጃኬት ቁልፍ ይሮጣል፤ አየር ልሙላና ልውጣ ያሰኛል። አደጋው ግን ወዲያ ነው፤ ወራጁ ውኃ ድንገት ሲለቅህ በአየር የተነፋ ጃኬት እንደ ጥይት ወደ ላይ ያስፈነጥርሃል፤ ሳንባ የሚጎዳው ያኔ ነው። ኦም መዳፋቸውን ዘርግተው «ቀስ» አሉኝ፤ ኮራል የሌለበት ራቁት አለት መርጠው በሁለት ጣታቸው ያዙ። እኔም አጠገባቸው ያዝኩ። ከአለት አለት እየተላለፍን ወደመጣንበት ጎን ተመለስንና አንድ ስርጉድ ውስጥ ገባን። እዚያ ውኃው ጸጥ ያለ ነበር። አንድ ክንድ ያህል ብቻ ወጣ ብሎ ግን ትንንሽ ዓሦች አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው እየቀዘፉ ወራጁን ይታገላሉ።

ሲሊንደሬን ሳይ የሳሳው አየር ገረመኝ። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ በየ10 ሜትሩ አንድ አትሞስፌር ይጨመራል፣ 20 ሜትር ላይ አንድ ትንፋሽ የውኃው ገጽ ላይ የሚበላውን አየር ሦስት እጥፍ ይበላል። ፍርሃት ሲጨመርበት ደግሞ አይጣል ነው። ቀስ ብለን ወጥተን አምስት ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቆምን፤ በደም ውስጥ የተጠራቀመው ናይትሮጅን በዝግታ እንዲወጣ ነው።

ጀልባው ላይ ኦም ሻይ ቀዱልኝና ፊት ለፊት ያለውን የማናዶ ቱዋን እሳተ ገሞራ እያሳዩ ስለ ሲላካንት ያወሩኝ ጀመር። ይህ ዓሣ ከዳይኖሰሮች ጋር ጠፍቷል ሲባል ኖሮ በ1938 ደቡብ አፍሪካ ላይ የተገኘው ነው። በ1997 ማርክ ኤርድማን የተባለ አሜሪካዊ የባሕር ሳይንቲስት ከባለቤቱ ጋር ለጫጉላ ሽርሽር ማናዶ መጥቶ፣ ባለቤቱ ገበያ ውስጥ ይህ ዓሣ በጋሪ ሲገፋ አየች። ፎቶ አነሱት እንጂ አልገዙትም። በዓመቱ ሌላ አንድ እዚሁ ማናዶ ቱዋ አጠገብ ከ100 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ በተዘረጋ የሻርክ መረብ ተያዘ፤ ከሕንድ ውቅያኖሱ የተለየ ዝርያ መሆኑም ታወቀ። ዓሣ አጥማጆቹ ግን ድሮም ያውቁት ነበር፤ የባሕር ንጉሥ ይሉታል።

«ታዲያ እርስዎ አይተውት ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ከሞተ በኋላ ነው ያየሁት። እሱ ያለው ከታች፣ ዋሻ ውስጥ ነው።»

ወደ ግድግዳው አቅጣጫ አየሁ። ከታች ያሉት መቼም ከእግራችን ሥር ማለታቸው ነው። ኦም ሐሳቤን ሳያውቁት አልቀሩም፤ የሲሊንደሬን መለኪያ አንስተው ወደ ዓይኔ አስጠጉት።

«ሚስተር፣ አንተ በ20 ሜትር ይህን ያህል ትበላለህ» አሉና ሳቁ። ጀልባ ነጂውም ሳቀ። ከሰዓት በኋላ 12 ሜትር ላይ እንጠልቃለን ብለው የጠጡበትን ብርጭቆ ማለቅለቅ ጀመሩ።