እንሶስላው አልነበረም

የእህቴን እጅ ያቃጠለው የአክስታችን እንሶስላ አይደለም። እኔ ከአዲስ አበባ ገዝቼ የመጣሁት ጥቁር ሂና ነው። ይህን በመልሱ ቀን፣ ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት መናገር ነበረብኝ። ዝም አልኩ። በዝምታዬም ጥፋቴ ምንም ባላደረገች ሴት ስም ላይ ተለጥፎ ዓመታት ኖረ። ለንስሐ አባቴ እንኳ «ዋሽቻለሁ» ብዬ ብቻ አልፌዋለሁ፤ በማን ላይ እንደዋሸሁ አልነገርኳቸውም።

ሰርጉ ጥር 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሁድ፣ ደብረ ማርቆስ ነበር። የጥርን ሩጫ የጎጃም ሰው ያውቀዋል። ጥምቀት አልፏል፣ ነነዌና ሁዳዴ ከፊት ቆመዋል፤ ልጁን የሚድር ሁሉ በመካከሉ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ይሻማል። ድንኳኑ፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ቪዲዮ ቀራጩ ሁሉም ቀድሞ የተያዘ ነው። እኔ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። ብዙ ሰርግ አይቻለሁ ብዬ ዝግጅቱን ተረከብኩና የየቀኑን ሥራ በደብተር ጻፍኩ። ጠላው የሚጠነሰስበትን፣ ዳቦው የሚደፋበትን፣ ሚዜዎቹ ልብስ የሚለኩበትን ሁሉ አሰብኩ። ሂናን ግን ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከጥፍር ጋር አንድ መስመር ላይ ጻፍኩት። ጌጥ ስለሆነ መጨረሻ ላይ የሚደርስ መሰለኝ።

እታለም ያንን መስመር ሲነበብ ሰምታ ተቃወመች። እታለም የአባታችን ታላቅ እህት ናት፤ የምትኖረው ሰናን ወረዳ፣ ከሮብ ገበያ አለፍ ብሎ፣ ጮቄ ሥር ነው። ለሙሽሪት ብላ እንሶስላ ይዛ መጥታለች። እንሶስላ በጥላና በወንዝ ዳር፣ እርጥበት ባለበት የሚበቅል ተክል ነው፤ በክረምት ጉሮሮው ሐምራዊ የሆነ ነጭ አበባ ያወጣል፣ በበጋ ግንዱ ደርቆ ሥሩ መሬት ውስጥ ይቀራል። የሚፈለገውም ሥሩ ነው። እታለም ሥሩን አጥባ፣ ልጣ፣ በሙቀጫ ትወቅጠዋለች፤ ከዚያ እጅና እግር ላይ ለብጣ፣ በቅጠልና በጨርቅ አስራ፣ ሙሽሪትን ምድጃ ዳር ታስቀምጣታለች። እናታችንም፣ ሴት አያታችንም ሲዳሩ እንዲህ ሞቀዋል።

«ሙሽራ ሐሙስ ማታ ነው የምትሞቀው» አለችኝ። «ዓርብ ከውሃ ትራቅ። ቅዳሜ ቀለሙ ይረጋል። እሁድ ያምራል።»

«እታለም፣ ሐሙስ እንግዳ ይገባል፤ እጇን ታስራ ማን ያስተናግዳል?» አልኳት። የተናገርኩት ምክንያት ይህ ነበር። የደበቅኩት ሌላ ነው። የእንሶስላ ቀለም ለፎቶ የገጠር መሰለኝ። እኔ የፈለግኩት በእጅ ጀርባ ላይ የሚሳለውን፣ ጠቆር ብሎ ከርቀት የሚታየውን አበባ ነበር። እታለም ከፍቷት «እግሯንስ?» አለች። እግሯን ጫማ ይሸፍነዋል ብዬ ፈቀድኩ። ሐሙስ ማታ እህቴ እግሯን ሞቀች፤ እጇ ለእኔ ቀረ።

በኋላ ስለ ነገሩ ብዙ አነበብኩ፤ እታለምም ትክክል ነበረች። የእንሶስላ ሥርና የሂና ቅጠል ማቅለሚያቸው አንድ ወገን ነው። የሂናው ላውሶን ይባላል። ላውሶን ከቆዳው የላይኛ ሽፋን ጋር ይጣበቃል እንጂ ላዩ ላይ ተቀብቶ አይቀርም። ሊጡ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየው ብርቱካንማ ነው፤ አየር እያገኘ ቀስ በቀስ ይጠቁራል፣ ድምቀቱም ጫፍ የሚደርሰው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው። ስለዚህ የእሁድ ሙሽራ ሐሙስ፣ ቢዘገይ ዓርብ ጠዋት ትቀባለች። ሊጡ ለብዙ ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ ይቆያል፤ ከተነሳም በኋላ እጅ ቢያንስ ለግማሽ ቀን፣ ቢሆን ለአንድ ቀን ውሃና ሳሙና አይነካም። ሙቀት ያደምቀዋል፣ ብርድ ያደክመዋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በጥር ሌሊት ጣት ይደነዝዛል። ምድጃው ዳር መቀመጡ የአሮጊቶች ወግ ብቻ አልነበረም። መዳፍና ውስጥ እግር ቆዳቸው ወፍራም ስለሆነ ደምቀው ይይዛሉ፤ የእጅ ጀርባ ግን ፈዘዝ ይላል። እታለም ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተምራት በቀኑ አቆጣጠር ውስጥ ይዛው ነበር።

እኔ ያመጣሁት ዱቄት ጊዜ አይፈልግም። የሸጠችልኝ ሴት «ይሄ በአንድ ሰዓት ይጠቁራል» አለችኝ። ለምን እንደሆነም አልደበቀችኝም፤ «የፀጉር ቀለም አለበት» አለች። ይህንን ሰምቼ ነው የገዛሁት። ከዚያ የባሰው ደግሞ ስለ እህቴ የማውቀው ነው። ከዚያ በፊት ለምረቃዋ ፀጉሯን ጥቁር ስትቀባ የጆሮዋና የግንባሯ ዳር አሳክኳት፣ አባብጦ ነበር። ቅባት የገዛሁላት እኔ ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ዱቄቱ ሲበጠበጥ ያ ቀን ትዝ ብሎኛል። በአእምሮዬ መጥቶ ነበር፤ «ያ ፀጉር ነው፣ ይሄ እጅ ነው» ብዬ አሰናበትኩት።

በእርግጥም ጠቆረ። አበባው ከእጅ አንጓዋ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ወረደ፣ ያየ ሁሉ እልል አለ። እሁድ በቤተ ክርስቲያን ቀለበት ስታደርግ የተነሳችው ፎቶ ዛሬም ያማረ ነው። ሰኞ ማታ ማሳከክ ጀመራት። ማክሰኞ፣ በመልሱ ቀን፣ አበባው የተሳለበት መስመር ሁሉ ቀልቶ ተነሳ፤ ከዚያ ውሃ ቋጠረ። ሥዕሉ እንዳለ በቁስል ታተመ። የባሏን እናት ማጉረስ አቃታት።

ሴቶቹ ምን ነክቷት እንደሆነ መጠየቅ ጀመሩ። አንዷ የሰው ዓይን ነው አለች። ሌላዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እንሶስላው ነው፤ ከመሬት የወጣ ሥር ምን እንዳለበት ማን ያውቃል?» አለች፣ ነገሩም እዚያው ተያዘ። እታለም ጥግ ተቀምጣለች። «እኔ የነካሁት እግሯን ነው። እግሯን ለምን አላቆሰለውም?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። መልሱ እኔ ዘንድ ነበር። እታለም ወደ እኔ አየች፣ እኔም ጠላ ላምጣ ብዬ ተነስቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ እታለም ለሌላ ሙሽራ እንሶስላ ይዛ አልመጣችም። የጠራትም የለም።

በጥቁር ሂና ውስጥ ያለው ማቅለሚያ ፓራፌኒሊንዳያሚን ይባላል፤ በአጭሩ ፒፒዲ ይሉታል። የአውሮፓ ኅብረት ለፀጉር ቀለም ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል፣ ቆዳ ላይ ለመሳል ግን ፈጽሞ አልተፈቀደም። በየገበያው የሚሸጠው ጥቁር ሂና ሲመረመር ከዚህ በብዙ እጥፍ የበለጠ የተገኘበት ጊዜ አለ። የአንዳንዱ ሰው አካል አንዴ ከተቆጣው ቁጣው ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ፊት ሊያብጥ፣ ትንፋሽ እስከማጠር ሊደርስ ይችላል። አንዳንድ የማደንዘዣ ቅባቶችና የጨርቅ ቀለሞችም ያስነሱታል። እህቴ ይህን ማወቅ ነበረባት። ያኔ ቁስሉን ያየላት ሐኪም «ምን ተቀብተሽ ነበር?» ሲላት «ሂናና እንሶስላ» አለች፤ ሌላ የምታውቀው አልነበራትምና። አጠገቧ ቆሜ ነበር። ቅባትና ክኒን ተሰጣት፣ ቁስሉ ዳነ፣ በእጇ ጀርባ ላይ የነጣ የአበባ ምልክት ቀረ።

አፌን የከፈተው ሕሊናዬ ነው ብል እንደገና መዋሸት ይሆንብኛል። ፍርሃት ነው። የልጇ ክርስትና ሲቃረብ ደውላ «ፀጉሬን ጥቁር ልቀባው ነው» አለችኝ። ፊቷ ሲያብጥ ታየኝ። የዚያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዱቄቱን፣ ሻጯ ያለችኝን፣ የምረቃዋን ቀን እያስታወስኩ ማለፌን። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። አልሰደበችኝም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እታለም ታውቃለች?»

ሮብ ገበያ ወርጄ እታለምን ቤቷ አገኘኋት። ጉልበቷ ላይ ወድቄ ነገርኳት። ጨርሳ ሰማችኝ፣ አነሳችኝም። ይቅር ብዬሻለሁ ግን አላለችም። «እኔማ እግሯን ስላየሁ ያን ጊዜውንም አውቄያለሁ» አለች። «ለእኔ አይደለም የምትነግሪው። እዚያ ቤት ለነበሩት ንገሪያቸው።»

ከባድ ነገር አዘዘችኝ፣ ግን ልኩ ይኸው ነው። እንሶስላው ነው ብላ ጮክ ብላ ለተናገረችው ሴት ቀድሜ ነገርኳት፤ እሷም ለእታለም ደውላ ይቅርታ ጠየቀች። እናቴ ስትሰማ ከእህቴ እጅ ይልቅ እታለም በዚያች ሰዓት ብቻዋን መቀመጧ አስለቀሳት። በመልሱ ከነበሩት ሽማግሌዎች ያረፉ አሉ፤ እነሱ እታለምን እንደጠረጠሩ ሄደዋል፣ ያንን ልመልሰው አልችልም። ለልጆቻቸው እየነገርኩ ነው። ይህን ጽሑፍም የጻፍኩት ከዚያ ቤት ወጥቶ ሌላ ሰርግ ቤት ለደረሰው ወሬ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ «የእንሶስላ ነገር ያቃጠላት ሙሽራ» ተብሎ ሲወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁና። ያቺ ሙሽራ የእኔ እህት ናት። ያቃጠላትም እንሶስላ አይደለም። ያልደረስኩባቸው ቤቶች አሉ፤ ለፋሲካ ስወርድ እሄድባቸዋለሁ።