ሥሩ ከርዳዳ፣ ጫፉ ሉጫ

ጸጉር ሉጫ የሚያደርገውን ሪላክሰር ካቆምኩ ወዲህ ሥሩ ከርዳዳ፣ ጫፉ ሉጫ የሆነ ጸጉር ነው ያለኝ። ኬሚካሉ አንዴ የነካው ጸጉር ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ አዲሱ እስኪያድግ መጠበቅ ነው፣ እሱም በወር 1 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። የሚሰባበረው ደግሞ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ በደረቁ አላበጥርም። አርጥቤ፣ ኮንዲሽነር ቀብቼ፣ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፉ ጀምሬ እየፈታሁ ወደ ሥሩ እወጣለሁ። አልፎ አልፎ ለጋ ቅቤ፣ ከዚያ ሹሩባ። ሽታውን የማይወዱ አሉ፤ እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ።

ሥሩን በጣቴ ስዳስስ የማገኘው ጥቅልል እናቴ በልጅነቴ ትጎነጉነው የነበረው ያው ጸጉር ነው። ናፍቆኝ ነበር።

እናቶች፣ እባካችሁ የትንንሽ ልጆቻችሁን ጸጉር ሪላክሰር አታስነኩት። የራስ ቆዳቸውን ሊያቃጥል ይችላል።