በእንግሊዝኛ አጽናናለሁ ብዬ

ጉዴን ልንገራችሁ። የልብ ጓደኛዬ እናቷ ያረፉ ሰሞን ነው። ለቅሶ ደርሼ ስመለስ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ማለት የሽማግሌ ነገር መሰለኝና (ጉራ አይጥፋ!) ማታ በስልክ መልእክት «ጌት ኦቨር ኢት» ብዬ ላክሁላት። «አይዞሽ፣ ያልፋል» ማለቴ ነበር። መልስ የለም። በሰልስቱ ጭራሽ ፊቷን አዞረችብኝ።

እንግሊዝኛ ለሚያስተምረው የአክስቴ ልጅ ብነግረው ጭንቅላቱን ያዘ። «አንተ! ‹በቃ አታካብጂ፣ ተይው› እኮ ነው ያልካት!»

ለካ «ጌት ኦቨር» ከሐዘን፣ ከሕመም፣ ከፍቅር ቁስል ማገገም ነው። «ሺ ጎት ኦቨር ኢት» ብሎ አገግማለች ማለት ነውር የለውም። በትእዛዝ ፊት ለፊት ሲወረወር ግን ስድብ ቀረሽ ነው። ለሐዘንተኛ «አይም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ይበቃ ነበር። «ጌት ኢት ኦቨር ዊዝ» ደግሞ ሌላ ነው፤ ጥርስ እንደ መነቀል ያለውን የማይወዱትን ነገር ቶሎ አድርጎ መገላገል።

በአርባቸው ዕለት ቤቷ ሄድኩ። በር ላይ አገኘኋት። እንግሊዝኛዬን ዋጥ አድርጌ «እግዚአብሔር ያጽናሽ። ያን ቀን ትርጉሙን ሳላውቅ ነው» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ።

«ግባ» አለችኝ፤ «ቡናው ሊደርስ ነው።»