ሁለት ባላ

ባዮሎጂን የመረጥነው እኛ አይደለንም፤ ነጥባችን ታየና ተመደብን፤ አለቀ። ስለዚህ የሦስታችንም የላቦራቶሪ ደብተር ሁለት መጀመሪያ አለው፤ ከፊት የኢንዛይም ሙከራ፣ ከኋላ ተገልብጦ ግጥም። ዘንድሮ ውጤታችን ሲያሽቆለቁል መምህራችን ደብተሩን ገለበጡና "አንዱን ምረጡ" አሉን። ያን ማታ ከመካከላችን አንዱ ግጥሙን ሁሉ ሊያቃጥል ተነሣ። ክብሪቱን የቀማነው በስንት ጭቅጭቅ ነው!

የቤት ሥራችን ስለ ኢንዛይም ቤተሰቦች ዝግመተ ለውጥ ነበር። ሱሱሙ ኦኖ የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳው የእኛኑ ተረት ይመስላል፤ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል። ጂን ሲባዛ አንዱ ቅጂ የድሮውን ሥራ ይዞ ይቆያል፤ ሌላው ነፃ ሆኖ አዲስ ይሞክራል። "ታዲያ እኛ ያለን አንድ ራስ!" አለ ባለክብሪቱ። እውነቱን ነው፤ መልስ አጣን።

መልስ የሚመስል ነገር ያገኘነው ከዳን ታውፊክ ነው። እስራኤል ውስጥ በዋይዝማን ተቋም ሲመራመር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2021 ክሮኤሺያ ውስጥ አለት ሲወጣ በደረሰበት አደጋ ሞተ። እርሱና ባልደረቦቹ ከመረመሯቸው አንዱ በደማችን የሚገኘው ፓራኦክሶኔዝ ነው። በሰው ውስጥ ሦስት አባላት ያሉት ቤተሰብ ነው፤ እንደኛው ሦስት! ስሙ የወጣው ፓራኦክሶን የሚባለውን መርዝ ስለሚሰብር ነው። ግን መርዙን የሠራው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው፤ ኢንዛይሙ ከዚያ እጅግ ይቀድማል። ለካ የቤተሰቡ ዋና ሥራ ላክቶን የሚባሉ ውሁዶችን መፍታት ኖሯል፤ ስም ያወጣው በጎን ሥራው ነው!

እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ይህንንና ሌሎች ሁለት ኢንዛይሞችን ጥቂት በጥቂት እየለወጡ የተሻለውን መረጡ። የጎን ሥራው ብዙ እጥፍ ሲያድግ ዋናው ብዙም አልተጎዳም። እንግዲህ ጂኑ ገና ሳይባዛም አዲሱ ሥራ በአሮጌው ጉያ ማደግ ይችላል ማለት ነው።

ራሳችንን ግን አናታልል። "ብዙም አልተጎዳም" ማለት "ምንም አልሆነም" ማለት አይደለም፤ አዲሱ እየበረታ ሲሄድ አሮጌው ሊደክም ይችላል። ለኢንዛይም ደግሞ ውጤት የሚለጥፍበት የለም፤ ለእኛ አለ። ስለዚህ ከፊት ያሉትን ያልተሞሉ ገጾች በሦስት ሌሊት ሞላናቸው።

ግጥሙ አልተቃጠለም። ይህንን የጻፍነው በደብተሩ መካከል፣ ሁለቱ በሚገናኙበት ገጽ ላይ ነው። ሰኞ ለመምህራችን እናስረክባለን፤ ይገልብጡት።