ለመልካም መዓዛ ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋልን?

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ጋይንት የገቡ እንደሆነ፣ በድጓ ማስመስከሪያነቷ የታወቀችውን ቤተ ልሔምን ሳያዩ አይመለሱ። ቤተ ክርስቲያኗ ከውጭ ሲያዩዋት እንደ ብዙዎቹ የደጋ አብያተ ክርስቲያናት ክብ ናት፤ ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ግን በድንጋይና በእንጨት የታነጸ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንፃ ያገኛሉ። ከቅዳሴ በኋላም ከምእመናኑ ነጠላ የሚመጣውን መዓዛ ልብ ይበሉ፤ ከጽናው የተነሣው የእጣን ጢስ ነው።

ይህ ነጠላ ለሽቶ ገንዘብ ለምታወጣ እመቤት የሚነግራት ነገር አለ። ዝነኛ ሽቶ ሲገዙ የሚከፍሉት ለመዓዛው ብቻ ሳይሆን ለብልቃጡ፣ ለስሙና ለማስታወቂያውም ጭምር ነው። መዓዛውም ቢሆን ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የሀገራችን ዝባድ በበሬ ቀንድ እየታሸገ ለውጭ ሽቶ ቀማሚዎች ሲላክ ኖሯል፤ ሻኔል ቁጥር 5 የተባለው የፈረንሳይ ሽቶም እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ድረስ የተፈጥሮ ዝባድ ይገባበት ነበር። እጣናችንም እንዲሁ ከመተማና ከትግራይ ቆላዎች ተለቅሞ ባሕር ይሻገራል።

ታዲያ እጣን ሽቶን ይተካልን? እርስዎ ራስዎ ይመዝኑት። ታጥቦ በደንብ የደረቀ ነጠላ ወስደው በአንደኛው ጫፍ ሽቶ ጠብ ያድርጉ፤ ሌላውን ጫፍ ከፍሙ ራቅ አድርገው በእጣን ያጥኑ። የሽምብራ ፍሬ የምታህል እጣን ትበቃለች። ማታና በማግሥቱ አሽትተው ያወዳድሩ። ለልብስ እጣኑ እንደማያሳፍርዎ ያያሉ። ለገላ ግን ጢስ ሽቶን አይተካም፤ ለችኮላ ጊዜም ብልቃጡ ይቀላል። ለፀጉር የተወቀጠ አደስ ከለጋ ቅቤ ጋር ይለወሳል፤ ለልብስ ሣጥን የደረቀ ጠጅ ሣር በጨርቅ ከረጢት ይቀመጣል።

ሁለት ነገር ግን አይዘንጉ። ጢስ ለሳንባ ጠንቅ ነውና ሕፃን ወይም አስም ያለበት ሰው ባለበት ክፍል አያጢሱ፤ መስኮትም ይክፈቱ። የእጣን ዛፍም እየተመናመነ ነው፤ በመተማ የተደረገ ጥናት ዛፎቹ በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ ሊቀንሱ እንደሚችሉ በ2011 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል። ስለዚህ በቁጠባ ይጠቀሙ።

የዝነኛ ሽቶ ስም ተለጥፎበት በርካሽ የሚሸጥ፣ ምን እንደገባበት የማይታወቅ ብልቃጥ ግን ለገላዎ አይግዙ። ገንዘብዎ ለአንድ ጥሩ ሽቶ እስኪበቃ ድረስ ንጹሕ ነጠላና ጥቂት እጣን ለክት ቀን ይበቃሉ።